መካከለኛ ዋጋ ያለው ትልቅ ሄድፎን፦ ድምፁንና ምቾቱን እንዴት ነው የምትለዩት?

የካዛንቺስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ልገዛ ነው። በጀቴ ከ100 እስከ 200 ዶላር። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስለምትመጣ ይዛልኝ ትመጣለች። ችግሩ አንዴ አዲስ አበባ ከገባ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ተስማማኝም አልተስማማኝም የኔ ነው።

ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ላይ ይውላል። መነጽር አደርጋለሁ። ማታ ማታ ሙዚቃ እሰማለሁ፤ የካሴት ዘመን ዘፈን ይበዛል። ያሰብኳቸው ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም50ኤክስ፣ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ፣ ሴንሃይዘር ኤችዲ 560ኤስ ናቸው። ከገመድ አልባው ደግሞ ሶኒ ሲኤች720ኤን።

መገናኛና ቦሌ ሱቆች ዞሬ ያገኘሁትን ሞክሬያለሁ። ሻጩ የራሱ ስልክ ላይ የሚደልቅ ዘፈን ከፍቶ ጆሮዬ ላይ ይለጥፈዋል። «እንዴት ነው? አሪፍ አይደል?» ሁሉም አሪፍ ነው! ስወጣ ግን የቱ ከየቱ እንደሚሻል አላውቅም። የዩቲዩብ ግምገማ አትላኩልኝ፣ ጠግቤያለሁ። እናንተ በጆሯችሁ እንዴት እንደምትለዩ ንገሩኝ።

ባስ አይጠግቤ

ኤም50ኤክስ። አለቀ ደቀቀ።

ስቱዲዮ ጥግ

ሱቅ ውስጥ ሁሉም አሪፍ የሚመስለው በቮሊዩም ምክንያት ነው። ከሁለት ሄድፎን አንዱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ከተጫወተ ጆሮ ከፍ ያለውን ይመርጣል። ከፍ ማለቱን ላታውቀው ትችላለህ፤ «ይሄ ጥራት አለው» ትላለህ እንጂ። በዚያ ላይ ድምፅ በጨመረ ቁጥር ባሱና ላይኛው ጫፍ (ቀጭኑ ድምፅ) ከመሀሉ የበለጠ እየጎሉ ይሄዳሉ። ይህን ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ሻጩ ግን ሳያነበውም ያውቀዋል፣ ለዚህ ነው ጥግ ድረስ ከፍቶ የሚሰጥህ።

ስለዚህ የራስህን ስልክና የራስህን ፋይል ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ ሙዚቃ አትክፈት። ሰው የሚያወራበት ነገር ክፈት፣ ዜና ጥሩ ነው። የአንባቢው ድምፅ በሁለቱም ሄድፎን እኩል እስኪመስልህ ቮሊዩሙን አስተካክል። ማወዳደር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዜናው ላይ ትንሽ ቆይ። አማርኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ጸ፣ ጨ በየዓረፍተ ነገሩ ይመላለሳሉ። የእነዚህ ፉጨት በብዛት ያለው ከ3 እስከ 9 ኪሎኸርትዝ (ኸርትዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ባለው ክልል ነው። በዚህ ዋጋ ያሉ ብዙ ሄድፎኖች ደግሞ «ዝርዝር ያሰማል» ለመባል እዚያው ክልል ላይ ይጎላሉ። «ሰ» በመጣ ቁጥር የሚወጋህ ከሆነ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ትችለዋለህ፣ ወደ ማታ ላይ ግን ራስህን ያምሃል። ካሰብካቸው ውስጥ ዲቲ 770 በ8 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ጎላ እንደሚል መለኪያዎች ያሳያሉ። ለአንተ ሥራ ይህ ክፋት ብቻ አይደለም። የቀረጻ ጉድለት ቶሎ ይጋለጣል። ለረጅም ሰዓት ማዳመጥ ግን ያደክማል፣ በኢኳላይዘር (ባሱን፣ መሀሉን፣ ላይኛውን ለየብቻ በሚያስተካክል ፕሮግራም) ትንሽ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሌላው፣ በየአስር ሰከንዱ አታቀያይር። ጆሮ ቶሎ ይለምዳል። ሹል ድምፅ ካለው ወደ ለስላሳው ስትሻገር ለስላሳው የታፈነ ይመስልሃል። አንዱን አሥር ደቂቃ አዳምጥ፣ እረፍት ውሰድ፣ ከዚያ ሌላውን።

ደግሞ ኤችዲ 560ኤስ ጀርባው ክፍት ነው፣ የውጭ ድምፅ ቀጥታ ይገባል። መገናኛ ላይ ታክሲ እየተጮኸ ከሞከርከው ባስ የለውም ብለህ ትወጣለህ። ጫጫታ መጀመሪያ የሚውጠው የታችኛውን ድምፅ ነው። ክፍቱንና ዝጉን በዚያ ቦታ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

የበገና ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሄድፎን የምፈትሸው በበገና ነው። ምክንያቱን ልንገርህ።

በገና 10 አውታር አለው። አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት ላይ እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። ያ የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። አንድ አውታር ሲነካ ሁለት ነገር አብሮ ይሰማል፤ ታች ጥልቁ ድምፅ፣ ከላዩ ንዝሩ። ጥሩ ሄድፎን ሁለቱን ከአንድ አውታር እንደወጡ አድርጎ ያሰማሃል። ባሱ ያበጠ ሄድፎን ላይ አውታሮቹ ይደባለቃሉ፣ ጣት ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሄደ መከተል ያቅትሃል። ላይኛው ጫፍ የበዛበት ላይ ደግሞ ንዝሩ ከአውታሩ ተለይቶ ጆሮ አጠገብ እንደሚዞር ትንኝ ይሆናል።

ክራርም ይረዳል። ጣት አውታሩን ስትነካ ያለችውን የመጀመሪያዋን ቅጽበት ስማ፣ ደርቃ ነው የምትሰማው ወይስ ደብዝዛ? ማሲንቆ ደግሞ መሀሉን ያጋልጣል። ድምፁ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ ሰፈር ስለሆነ መሀሉ የጎደለ ሄድፎን ላይ ከግድግዳ ጀርባ የሚጫወት ይመስላል።

በስልክ የተቀረጸ በገና ግን አትጠቀም። ጉድለቱ የቀረጻው ይሁን የሄድፎኑ አታውቅም።

ባስ አይጠግቤ

@የበገና ተማሪ ጥሩ ነው ግን ሰውየው ዘፈን ነው የሚሰማው እንጂ ሱባኤ አይገባም 😄

የበገና ተማሪ

የካሴት ዘመን ዘፈን ብሏል እኮ። ያ ደግሞ የባሰ ፈተና ነው። ካሴቱ ራሱ ሽሽሽ አለው። ሹል ሄድፎን ላይ መጀመሪያ የምትሰማው እሱን ነው፣ ዘፋኙ ከኋላ ይመጣል። 🙂

መነጽር ለባሹ

ሁላችሁም ስለ ድምፅ ስታወሩ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ልጁ መነጽር ያደርጋል።

የመነጽር ዘንግ ስፖንጁን ከጆሮህ ጀርባ ከፍ ያደርገዋል። በዚያች ቀዳዳ አየር ይወጣል። ጀርባው ዝግ የሆነ ሄድፎን ባሱን የሚይዘው በታሸገው አየር ስለሆነ፣ ቀዳዳ ካገኘ ባሱ ይሸሻል። አንድ ሰው «ባሱ ይደልቃል»፣ ሌላው «ባስ የለውም» የሚሉት ስለ አንድ ሞዴል ሊሆን ይችላል። ቀላል መፈተኛ አለ። ባስ ያለበት ቦታ ላይ ሁለቱንም ጽዋ (ጆሮ የሚሸፍነውን ክፍል) በእጅህ ቀስ ብለህ ወደ ጭንቅላትህ ተጫን። ባሱ በጣም ከጨመረ ገጥሞ አልተቀመጠልህም ማለት ነው። መነጽርህን አውልቀህም ሞክር። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ወይ ቀጭን ዘንግ ያለው መነጽር ያስፈልግሃል፣ ወይ ሌላ ሄድፎን።

ምቾትን በተመለከተ ክብደት ይወራል። ኤም50ኤክስ 285 ግራም፣ ዲቲ 770 270 ገደማ፣ ኤችዲ 560ኤስ 240፣ ሲኤች720ኤን 192 ግራም። ቁጥሩ ይረዳል ግን አይበቃም። በደንብ የተከፋፈለ 280 ግራም፣ አናት ላይ አንድ ነጥብ ከሚጫን 200 ግራም ይሻላል። የሚያሳምመው ሦስት ቦታ ነው፦ አናት፣ መንጋጋ አካባቢ፣ እና የጆሮ ጫፍ። የጆሮ ጫፍ የሚያመው ስፖንጁ ጥልቀት ሲያጣና ጆሮህ ጽዋው ውስጥ ያለውን ጨርቅ ሲነካ ነው። አምስት ደቂቃ ላይ ምንም አይመስልህም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው ማቃጠል የሚጀምረው። ጆሮህ ትልቅ ከሆነ የኤም50ኤክስ ስፖንጅ ጠባብና ጥልቀት የሌለው መሆኑን እወቅ። የዲቲ 770 ክብና ሰፊ ነው፣ ባለ 80 ኦሙ (ኦም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም ነው) ደግሞ ቬሉር በሚባል ከፋይ መሰል ጨርቅ ነው የሚመጣው። ቬሉር ለመነጽር ይራራል፣ ላብም እንደ ሰው ሠራሽ ቆዳው አይዝም።

ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አድርጌ ልቆይ ብትል ሻጩ ይቆጣል። ሄድፎኑ ያለው ጓደኛ ፈልግና ተዋሰው፣ ቪዲዮ እያየህ እርሳው። መኖሩን ከረሳኸው ያ ነው የሚስማማህ።

ሹሩባ

ስለ መነጽር ተወራ፣ ስለ ፀጉር ማንም አይናገርም። የሚገመግሙት ሁሉ ወይ መላጣ ወይ አጭር ፀጉር ያላቸው ወንዶች ናቸው መሰለኝ።

ሹሩባ ስሠራ ቅስቱ (በአናት ላይ የሚያልፈው ክፍል) የሚያርፈው ጉንጉኑ ላይ ነው። ከላይ ያለው ስፖንጅ ቀጭን ከሆነ ጉንጉኑን ወደ ቆዳዬ ይጫነዋል፣ ከግማሽ ቀን በኋላ አናቴን መንካት አልችልም። አፍሮ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ይንሸራተታል። ሻሽም ሂጃብም ለምታደርግ ሴት ጨርቁ በስፖንጁና በጆሮ መካከል ስለሚገባ መነጽር ለባሹ ያለው የባስ መሸሽ እጥፍ ይሆናል። ለእኛ ጀርባው ክፍት የሆነ ይሻላል። ድሮውንም አየር ስለሚያስገባ በመታሸግ ላይ ያን ያህል አይመካም፣ ስለዚህ ጨርቅ ሲገባ ብዙ አይለወጥም። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ሌላ ደግሞ፣ ቅስቱ ምን ያህል እንደሚረዝም እዩ። ፀጉር ከፍ ሲል ሄድፎኑም ከፍ ማለት አለበት። አንዳንዱ ጥግ ድረስ ተስቦ እንኳ ጽዋው ጆሮዬን አይሸፍንም።

የካዛንቺስ ልጅ

@ሹሩባ እህቴ ይሄን የትም አላነበብኩትም። አመሰግናለሁ።

@መነጽር ለባሹ የመጫን ፈተናውን አሁን በአሮጌው ሄድፎኔ ሞከርኩት። ባሱ ዱብ አለ! ለካ እስከ ዛሬ ግማሹን ነው ስሰማ የኖርኩት።

ባስ አይጠግቤ

እኔ የምለው፣ ጆሮ የየሰው ነው። ፍሌቸር ምናምን ትላላችሁ፣ አንዱ የወደደውን ሌላው ይጠላል። ደስ ያለህን ግዛ።

ስቱዲዮ ጥግ

በከፊል እስማማለሁ። ግን ጆሮ የየሰው ነው ሲባል የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ሃርማን የሚባለው ኩባንያ ውስጥ ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምረው የሄድፎኑ ስም ተደብቆ ሰዎች እንዲመርጡ አድርገዋል። አብዛኛው ሰው የወደደው ጥሩ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጥሩ ስፒከርን የሚመስል ድምፅ ነው፤ ባሱ ትንሽ ከፍ ያለ፣ መሀሉ ያልተነካካ። ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ሰው እዚያ አካባቢ ነው። ከቀረው አንዱ ክፍል ባስ ይጨመርልኝ ይላል፣ ሌላው ይቀነስልኝ ይላል። አንተ የመጀመሪያው ክፍል ነህ፣ ተመዝግበሃል። 😄

ከዚያ ጥናት ለገዢ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ዋጋና ድምፅ አብረው አይሄዱም። በ150 ዶላር ከ500 ዶላሩ የሚሻል ድምፅ ይገኛል። ትልቁ ዋጋ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ለአሠራሩ፣ ለጫጫታ ማጥፊያውና ለስሙ ነው።

ከዱባይ

ገመድ አልባውን ማንም አላነሳውም፣ እኔ ላንሳው።

ጫጫታ ማጥፊያ የሚጠቅመው ለማያቋርጥ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ለኤሲ፣ ለአውሮፕላን ሞተር፣ ለጎረቤት ጄኔሬተር። የሰው ወሬ ብዙም አያጠፋም። ቢሮ ውስጥ የሚያወሩ ሰዎችን ለመሸሽ ብለህ ከገዛህ ታዝናለህ።

ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን ብሉቱዝ ጣጣ አለው፣ ድምፁ ከምስሉ ዘግይቶ ይደርሳል። ዩቲዩብ ስታይ ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክለዋል፤ ስትቆርጥ ግን ከንፈርና ድምፅ ማገጣጠም መከራ ነው። ሌላም አለ። ስብሰባ ገብተህ የሄድፎኑ ማይክ ሲከፈት ብሉቱዝ ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይወርዳል። ያ ሁሉ የከፈልክበት ድምፅ የቴሌ መስመር ይሆናል። ስለዚህ ሲኤች720ኤንን ከወሰድክ ለሥራ በገመድ ሰካው፣ መሰኪያ አለው።

ኤልዳክ (ሶኒ ድምፅን በብሉቱዝ በተሻለ ጥራት ለመላክ የሠራው ኮዴክ፣ ማለትም የድምፅ መጭመቂያ ዘዴ) አለው የለውም ብላችሁም አትጨነቁ። በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ይልካል፣ እሺ። አይፎን ግን ጭራሽ አይቀበለውም። መጥፎ የተገጠመ ስፖንጅ የሚያጠፋውን ድምፅ ደግሞ የትኛውም ኮዴክ አይመልሰውም።

እዚህ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ሰው ሠራሽ ቆዳ በላብ ይፈረፈራል። የኔው በሁለተኛው የሙቀት ወቅት ትከሻዬ ላይ ጥቁር ብናኝ ይጥል ጀመር።

ስቱዲዮ ጥግ

ስለ ኦም አንድ ነገር ጨምሬ ልተኛ። ዲቲ 770 በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይመጣል። የአክስትህ ልጅ ሳታውቅ ባለ 250ውን እንዳታመጣ። ስልክ ላይ ከሰካኸው ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ማጉያ ይፈልጋል። 80ው ለላፕቶፕ ይበቃል። 560ኤስ 120 ኦም ነው ግን ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፣ ላፕቶፕ ያንቀሳቅሰዋል። ስልክህ ጃክ ከሌለው ትንሿ የአፕል የዩኤስቢ-ሲ ገመድ 9 ዶላር ናት፣ ንጹህ ድምፅ አላት። አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ግን ቮሊዩሟ ዝቅ ስለሚል ላፕቶፕ ላይ ተጠቀምባት።

ጆሮ ዳባ

መርካቶ ገብታችሁ ኤም50ኤክስ በርካሽ ብታዩ ኪሎ መመዘኛ ያዙ። አስመስሎ የተሠራው ሞልቷል። እውነተኛው ያለ ገመድ 285 ግራም ነው፣ ሦስት ገመድ ይዞ ይመጣል፣ ጽዋው ጋ የሚገባው ጫፍ ተጠምዝዞ ይቆለፋል። አንድ ገመድ ብቻ ካለው ደህና ሁን በሉት።

የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው

ዕቃ ተሸክሜ የምመጣ ሰው ነኝና የተሸካሚውን ወገን ልናገር። 😊

ወንድሜ፣ ልጅቷ ከመብረሯ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይገዛ። እዚህ አሜሪካ መመለስ ይቻላል፣ እዚያ አይቻልም። ስለዚህ ፍተሻው እዚህ ያልቅ። በጆሮዋ ታድርገውና ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ትስማ። የንግግር ቅጂ በሞኖ (በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ ሆኖ) ስትከፍት ድምፁ ልክ መሀል ግንባሯ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ጉድለት አለ። ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ከ20 እስከ 200 ኸርትዝ እየጨመረ የሚሄድ ድምፅ ትክፈት፣ ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጋ። የሆነ ቦታ ላይ የሚንጣጣ ወይም የሚንቀጫቀጭ ነገር ከተሰማ ወዲያው ትመልሰው። አንዳንዴ ፀጉር ገብቶ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ታረጋግጥ።

ካርቶኑን ግን እዚሁ ትጣለው። በዚያ ቦታ ሁለት ጫማ ይገባል።

የካዛንቺስ ልጅ

የአንድ ጓደኛዬን 560ኤስ ተውሼ ቅዳሜን በሙሉ ሠራሁበት። ምቾቱ ላይ ምንም እንከን አይወጣለትም፣ መጀመሪያ ትንሽ ጨመቅ አድርጎኝ ከዚያ ረሳሁት። የድሮዎቹ ዘፈኖች ላይ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ የት የት እንደቆሙ ይታወቃል። ግን ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ብየዳ ተጀመረ። የማቀናብረውን ሰው ድምፅ መስማት አቃተኝ፣ ቮሊዩም እየጨመርኩ ሄድኩ። ይሄ ደግሞ ለጆሮዬ ጥሩ አይደለም።

ስለዚህ የቀን ሥራዬ ዝጉን ይጠይቃል። ባለ 80 ኦሙን ዲቲ 770 ላሳዝዝ ነው፣ 8 ኪሎኸርትዙን በኢኳላይዘር ዝቅ አደርገዋለሁ። ባይሳካ እዚያው ትመልሰዋለች።

@ባስ አይጠግቤ አትቀየመኝ፣ ጆሮዬ ትልቅ ነው።

ባስ አይጠግቤ

770ም ባስ አለው። ይቅርታ ተደርጎልሃል።

ስቱዲዮ ጥግ

የቮሊዩሙ ነገር ጥሩ አድርገህ አነሳኸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። አንተ ይህን ያህል ሰዓት በሥራ ብቻ ትሞላለህ። ብየዳ ባለበት ግቢ ዝግ ሄድፎን ማለት ዝቅ ባለ ቮሊዩም መሥራት ማለት ነው።

ሹሩባ

ሳይዘጋ አንድ ጥያቄ። ስፖንጁ ሲያረጅ አዲስ አበባ ውስጥ የሚቀይር አለ? ፒያሳ አንዱ የማንኛውም ሞዴል እቀይራለሁ ብሎኝ ነበር።

መነጽር ለባሹ

የማንኛውም ሞዴል የሚባለውን ተይው። የስፖንጁ ውፍረትና ጨርቁ ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል። ወፍራም ሲሆን ድምፁ የሚወጣበት ክፍል ከጆሮ ይርቃል፣ ባሱም ላይኛውም ሌላ ይሆናል። የአምራቹን ራሱን አሳዝዢ፣ ቀላል ስለሆነ ለሚመጣ ሰው ሸክም አይሆንም። ለ770ም ለ560ኤስም መለዋወጫው ለብቻው ይሸጣል፣ በእጅ ተስቦ ነው የሚወጣው።

የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው

ስፖንጅ ከሆነ እኔም ይዤ እመጣለሁ። ለገና ነው የምመጣው፣ ሞዴሉን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።